ጨረቃ ላይ መድረስና ጨረቃ ላይ መሰንበት



ሰው ወደ ጨረቃ ስለሚያደርገው ጉዞ በተነሳ ቁጥር አስቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ማን ይቀድማል?» የሚለው ነው። አሜሪካ ወይስ ቻይና? መንግሥት ወይስ የግል ኩባንያ? ጥያቄው ልብ ይሰቅላል፤ ነገር ግን ዋናውን ጉዳይ ይጋርድብናል። የሰው ልጅ ጨረቃ ላይ መድረስ እንደሚችል ካሳየ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። እስካሁን ማሳየት ያልቻለው እዚያ ሰንብቶ መሥራትን ነው። ዛሬ በፊታችሁ የማቀርበው ክርክር አንድ ነው፦ ፉክክር ሰውን ጨረቃ ላይ ያደርሳል እንጂ አያሰነብተውም። ጉዞው ዘላቂ የሚሆነው ብዙ አገሮች የየድርሻቸውን አዋጥተው ባለሙያዎቻቸው እየተፈራረቁ የሚሠሩበት የምርምር ጣቢያ ሲተከል፣ ለዚያም ሥራ ሁሉም የተስማማበት ሕግ ሲኖር ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማስረጃው ከአሜሪካው የአፖሎ መርሐ ግብር ይጀምራል። ኒል አርምስትሮንግና በዝ ኦልድሪን ጁላይ 20 ቀን 1969 ጨረቃ ላይ ካረፉ በኋላ አምስት ጊዜ ሌሎች ሁለት ሁለት ሆነው አርፈዋል፤ በድምሩ 12 ሰዎች ጨረቃን ረግጠዋል። የመጨረሻዎቹ ዩጂን ሰርናንና ሃሪሰን ሽሚት በዲሴምበር 1972 ታውረስ-ሊትሮው በተባለው ሸለቆ 75 ሰዓት ያህል ቆይተው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ጨረቃን የረገጠ ሰው የለም። ምን ሆነ? ሮኬቱ ነበር፤ ዕውቀቱም ነበር። የጠፋው ምክንያቱ ነው። ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ በሜይ 1961 ግቡን ለአገራቸው ምክር ቤት ሲያውጁ፣ ሶቪየታዊው ዩሪ ጋጋሪን ምድርን ዞሮ ከተመለሰ ስድስት ሳምንት ያህል ብቻ ሆኖት ነበር። በኖቬምበር 1962 ኬኔዲ ከአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ከናሳ ኃላፊ ከጄምስ ዌብ ጋር በዝግ ያደረጉት ውይይት በድምፅ ተቀርጾ ተገኝቷል። በዚያ ላይ ለጠፈር ጉዳይ ያን ያህል ፍላጎት እንደሌላቸው፣ ይህ ሁሉ ገንዘብ የሚወጣውም ሶቪየቶችን ለመቅደም እንደሆነ በግልጽ ይናገራሉ። በ1966 ናሳ ከአሜሪካ ፌዴራል በጀት ከ4 በመቶ በላይ ይወስድ ነበር። አርምስትሮንግ ጨረቃን በረገጠ በዓመቱ ግን አፖሎ 18፣ 19 እና 20 ተሰረዙ። ተሠርተው ያልበረሩ የሳተርን 5 ሮኬት ክፍሎች ዛሬ በሂዩስተን የጠፈር ማዕከል ለጎብኚ ተጋድመው ይታያሉ። ሥራው የተጀመረው ለመቅደም ስለነበር፣ የቀደሙ ዕለት አለቀ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክም ይህንኑ ያጠናክራል። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ቡሽ በ1989፣ ልጃቸው ፕሬዚዳንት ቡሽ ደግሞ በ2004 ወደ ጨረቃ እንመለሳለን ብለው አወጁ። የአባትየው ዕቅድ በምክር ቤት ገንዘብ አጥቶ ከሰመ፤ የልጅየው በ2010 በፕሬዚዳንት ኦባማ ተሰረዘ። አሁን አርቴሚስ የሚባለው መርሐ ግብር መሠረቱን ያገኘው በ2017 በፕሬዚዳንት ትራምፕ መመሪያ ነው። በዚሁ ዘመን ውስጥ አንድ ትልቅ ሥራ ግን ከመሰረዝ ተርፏል፤ እሱም ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ነው። አተራረፉን ልብ በሉልኝ። በጁን 1993 የአሜሪካ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጣቢያውን ለመሰረዝ ድምፅ ሲሰጥ የዳነው በ216 ለ215፣ ማለትም በአንድ ሰው ድምፅ ነበር። በዚያው ዓመት ሩሲያ የሥራው ሸሪክ ሆና ገባች። በዓመቱ ተመሳሳይ ሐሳብ እንደገና ሲቀርብ በሰፊ ልዩነት ወደቀ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጣቢያውን መሰረዝ ከራስ በጀት መቀነስ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ከሩሲያ፣ ከአውሮፓ፣ ከጃፓንና ከካናዳ ጋር የተገባን ቃል ማፍረስ ሆነ። ከኖቬምበር 2 ቀን 2000 ጀምሮ ያ ጣቢያ አንድም ቀን ሰው ተለይቶት አያውቅም። ፉክክሩ ጨረቃን ለሦስት ዓመት ተኩል ከፍቶ ዘጋት፤ ሽርክናው ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎ ሄደ።

ከጠፈር ወደ ምድር ብንመለስም ተመሳሳይ ታሪክ እናገኛለን። ኖርዌያዊው ሮአልድ አሙንድሰን በዲሴምበር 1911፣ እንግሊዛዊው ሮበርት ስኮት በጃንዋሪ 1912 የምድርን ደቡብ ዋልታ ረገጡ። ስኮትና አራቱ ጓደኞቹ ሲመለሱ በመንገድ ላይ አለቁ። ከዚያ በኋላ እስከ ኦክቶበር 1956 ድረስ፣ ማለትም ለ44 ዓመት፣ በዚያ ነጥብ ላይ የቆመ ሰው አልነበረም። ውድድሩ አሸናፊ ስላገኘ ማንም የሚመለስበት ጉዳይ አልነበረውም። በ1956 የተመለሱት አሜሪካውያን ይዘውት የመጡት ዓላማ የተለየ ነበር፤ በርካታ አገሮች በጋራ ላዘጋጁት ዓለም አቀፍ የምድር ፊዚክስ ዓመት የምርምር ጣቢያ ሊሠሩ ነው የመጡት። ያ ጣቢያ ዛሬም በሁለቱ ተፎካካሪዎች ስም ተጠርቶ፣ ክረምትና በጋ ሰው ሳይለየው ይሠራል። ቀጥሎ በዲሴምበር 1959 አሥራ ሁለት አገሮች የአንታርክቲካን ስምምነት ፈረሙ። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ከፈራሚዎቹ መካከል ነበሩ፤ ያውም ቀዝቃዛው ጦርነት በጋመበት ሰዓት። ስምምነቱ የመሬት ይገባኛል ጥያቄዎችን ባሉበት አቆመ፤ ወታደራዊ ሥራን ከለከለ፤ አንዱ የሌላውን ጣቢያ እንዲጎበኝና እንዲመረምር ፈቀደ። ሰው አንታርክቲካ ላይ መሰንበት የቻለው በሞተርና በማሞቂያ ብቻ አይደለም፤ በዚህ ወረቀትም ጭምር ነው።

እርግጥ አንታርክቲካ ላይ የሚተነፈስ አየር አለ። ጨረቃ ላይ መሰንበት ምን እንደሚጠይቅ በቅርብ ማየት ያስፈልጋል፤ የተለያዩ አገሮች ዐይናቸውን የጨረቃ ደቡብ ዋልታ ላይ የጣሉበት ምክንያትም ከዚሁ ይመነጫል። አንድ የጨረቃ ሌሊት የእኛን 14 ቀን ያህል ይረዝማል፤ ቀኑ ውሃ ከሚያፈላው ሙቀት ያልፋል፤ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ከ100 ዲግሪ በብዙ ይወርዳል። አፖሎዎች ሁሉ ያረፉት በማለዳ ነበርና ሌሊቱን የቀመሰ ሰው የለም። የጨረቃ ዛቢያ የሚያዘነብለው ግን 1.5 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነ በዋልታዎቿ አካባቢ ፀሐይ ከአድማስ ብዙም ከፍ ወይም ዝቅ አትልም። ስለዚህ ሻክልተን እንደሚባለው ባለ ጉድጓዶች ከፍ ያለ ጠርዝ ላይ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ብርሃን አለ፤ ከጠርዙ ሥር ባለው ወለል ደግሞ ለቢሊዮን ዓመታት ፀሐይ አልደረሰም። በዚያ ጨለማ ውስጥ በረዶ አለ። በኦክቶበር 2009 ናሳ ያገለገለ የሮኬት ክፍል ካቤየስ ከተባለው ጉድጓድ ጋር ሆን ብሎ አጋጭቶ፣ ከተነሳው ብናኝ ውስጥ ክብደቱ ከመቶ አምስት እጅ የሚጠጋ ውሃ አገኘ። በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ የፀሐይ ኃይልና ውሃ አብረው የሚገኙበት ቦታ ይህ ነው። ውሃው ይጠጣል፤ ሲከፈል መተንፈሻ ኦክስጅን ይሆናል፤ ሃይድሮጅኑ ደግሞ ከኦክስጅኑ ጋር ለሮኬት ነዳጅነት ይውላል።

ሆኖም ውሃ መኖሩ ብቻውን አያኖርም። ለእኔ የጨረቃን ኑሮ ከማንኛውም ነገር በላይ የሚያስረዳው አቧራዋ ነው። ጨረቃ ላይ ነፋስም ዝናብም ስለሌለ የድንጋዩን ብናኝ የሚያለዝበው የለም፤ እያንዳንዷ ቅንጣት እንደ ተሰበረ መስታወት ስለታም ናት። በአፖሎ 17 ጊዜ የሰርናን መዶሻ የሚነዱት ተሽከርካሪ ላይ ተጠልፎ የኋላ ጎማውን መከለያ ሰበረው። ሲነዱ አቧራው እንደ ዝናብ ይወርድባቸው ጀመር፤ ጥቁሩ አቧራ ደግሞ መሣሪያዎቹን በፀሐይ ሙቀት ያግላቸዋል። ሁለቱ ሰዎች አራት ካርታዎች በማጣበቂያ አያይዘው፣ በመቆንጠጫ አጥብቀው ሌላ መከለያ ሠሩ። ያን ጊዜ በብልሃት ታለፈ፤ ልብሳቸው ግን በሦስት ቀን ውስጥ ተፈትጎ መገጣጠሚያዎቹ ይከብዱ ጀምረው ነበር። ሽሚት ወደ መንኮራኩሩ ተመልሶ የራስ ቁሩን ሲያወልቅ አፍንጫው እንደ ጉንፋን ታፈነ። ይህ የሦስት ቀን ነገር ነው፤ ስድስት ወር ሲሆን ሳንባ ምን እንደሚሆን የሚያስረዳ የሰው ልምድ የለንም። ከምድር ስበት አንድ ስድስተኛ በሆነ ስበት ውስጥ ለረጅም ጊዜ የኖረ ሰውም የለም። የሰው ልጅ ያለው ልምድ የ12 ሰዎች ብቻ ሲሆን፣ ረጅሙም እነዚያው 75 ሰዓታት ናቸው።

ጨረሩም ቀላል አይደለም። በ2019 በጨረቃ የሩቅ ገጽ ያረፈችው የቻይናዋ ቻንግ-ኤ 4 የለካችው የጨረር መጠን በጠፈር ጣቢያው ካለው ሁለት እጥፍ ተኩል ይሆናል። ፀሐይ ስትቆጣ ደግሞ ሌላ ነው። በኦገስት 1972 ከፍተኛ የፀሐይ ማዕበል ተነስቶ ነበር፤ አፖሎ 16 በኤፕሪል ተመልሳ፣ አፖሎ 17 ገና ሳትነሳ። በመካከሉ ጨረቃ ላይ ሰው ቢገኝ ኖሮ ለከባድ አደጋ ይጋለጥ ነበር። ሦስት ቀን የሚቆይ ተጓዥ በዕድል ሊያመልጥ ይችላል። የሚሰነብት ሰው ግን በአፈር የተሸፈነ መጠለያ፣ ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ ሳተላይት፣ ሌሊቱን የሚያሻግር የኃይል ምንጭ፣ ያለማቋረጥ የሚላክ ስንቅና መለዋወጫ ያስፈልገዋል። ይህ ከአንድ ፕሬዚዳንት የሥልጣን ዘመን የሚረዝም፣ ለጋዜጣ ርዕስ የማይመች፣ የዓመታት አድካሚ ሥራ ነው። ቀድሞ ለመድረስ ብቻ የተነሳ መንግሥት ለዚህ ሥራ ገንዘብ የሚያወጣበት ምክንያት አይታየኝም።

እዚህ ላይ ውሃ የሚያነሳ ተቃውሞ አለ፤ «ሮቦት እያለ ሰው መላክ ለምን?» የሚል። ቻይና በ2020 ወደ 1.7 ኪሎ ግራም፣ በ2024 ደግሞ ሰው ፈጽሞ ካልደረሰበት የሩቁ ገጽ ወደ 1.9 ኪሎ ግራም የጨረቃ አፈር ያለ አንድ ሰው አምጥታለች። ሕንድ በኦገስት 2023 ቻንድራያን-3ን ወደ ደቡብ ዋልታው አካባቢ ያሳረፈችው ሰው ከሚጫንበት መንኮራኩር ጋር በማይወዳደር ዋጋ ነው። ተቃውሞውን አላቃልለውም፤ እንዲያውም ለፎቶግራፍና ለባንዲራ ከሆነ ሰው አይሂድ ከሚሉት ጋር እቆማለሁ። ነገር ግን ሥራውን እንመዝን። የማርስ ተሽከርካሪ ኦፖርቹኒቲ ከ14 ዓመት በላይ ሠርታ የተጓዘችው 45 ኪሎ ሜትር ነው። ሰርናንና ሽሚት በሦስት ቀን 35 ኪሎ ሜትር ያህል ነዱ። ስድስቱ አፖሎዎች ያመጡት ድንጋይና አፈር 382 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ የሶቪየት ሦስት ሮቦቶች ያመጡት ተደምሮ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ከመጠኑ ይልቅ የሚበልጠው ግን ዐይን ነው። ሽሚት በሙያው የሥነ ምድር ሊቅ ነበር። ሾርቲ በተባለው ጉድጓድ ጠርዝ ሲራመድ ከእግሩ ሥር ብርቱካናማ አፈር አየ፤ በግራጫው ምድር ላይ ያልተጠበቀ ቀለም ነበርና ጉዳዩ እንደሚገባው ሰው ቆሞ ቆፈረ። አፈሩ ከ3.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደ ፏፏቴ ከተተፋ እሳተ ገሞራ የተረፈ የብርጭቆ ፍሬ ሆኖ ተገኘ። ከ2008 ጀምሮ ተመራማሪዎች እነዚህን ፍሬዎች በአዲስ መሣሪያ መርምረው በውስጣቸው ውሃ አገኙ፤ የጨረቃ ሆድ ደረቅ ነው የሚለው የቆየ እምነትም ተናጋ። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ሮቦቱ ይቅደም፣ ሜዳውን ይጥረግ፣ አደገኛውን ይሥራ፤ ሰው ደግሞ ሰንብቶ የሚመረምረው ነገር ባለበት ቦታ ይከተል። በሦስት ቀን ይህን ያህል ከተገኘ፣ ስድስት ወር የሚቆይ ተመራማሪ ከዚህ የበለጠ ያገኛል።

ሌላው ተቃውሞ ከዚህ የከበደ ነው፤ የተራበ ሰው ባለበት ዓለም ለጨረቃ ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነው ወይ? ይህ ጥያቄ በእኛ ዘንድ ብቻ የሚነሳ አይደለም። አፖሎ 11 ልትነሳ አንድ ቀን ሲቀራት፣ የማርቲን ሉተር ኪንግ የትግል ጓድና ተተኪ ቄስ ራልፍ አበርናቲ ድሆችን አስከትለው፣ በበቅሎ የሚጎተት ጋሪ ይዘው ወደ ማስወንጨፊያው ሄደው ነበር። የናሳው ኃላፊ ቶማስ ፔይን ወጥተው ተቀበሏቸው፤ ማስወንጨፉን መተው ድህነትን የሚያጠፋ ቢሆን ኖሮ ቁልፉን እንደማይጫኑ ነገሯቸው። የፔይን መልስ ግማሽ እውነት አለው። አፖሎ ሲሰረዝ የተረፈው ገንዘብ ለድሆች መድረሱን የሚያሳይ ነገር የለም፤ የናሳ ድርሻም ዛሬ ከአሜሪካ በጀት ግማሽ በመቶ አይሞላም። ግማሹ እውነት ግን የአበርናቲ ነው፤ የሕዝብ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ለምን እንደሚያወጣው ለሕዝብ መመለስ አለበት። የናሳ ዋና ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለአርቴሚስ እስከ 2025 የሚወጣው ወጪ 93 ቢሊዮን ዶላር እንደሚደርስ፣ የመጀመሪያዎቹ አራት ጉዞዎች እያንዳንዳቸው ለማስወንጨፍ ብቻ 4.1 ቢሊዮን ዶላር እንደሚፈጁ አስልቷል። በዚህ ዋጋ ባንዲራ ተክሎ መመለስ በድሃ ፊት የሚያስወቅስ ነው። ተካፍለው የሚከፍሉት፣ ዓመት ከዓመት ዕውቀት የሚሰጥ ጣቢያ ግን ሌላ ሚዛን ላይ ይቀመጣል።

«ገንዘብ የሚያመጣው ፉክክር ብቻ ነው፤ ቻይና ባትኖር አሜሪካ አትንቀሳቀስም ነበር» የሚሉም አሉ። ቻይና ከ2030 በፊት ሰዎቿን ጨረቃ ላይ ለማሳረፍ ማቀዷ ዋሽንግተንን እንዳስደነገጠ አልክድም። ፉክክር ያስጀምራል። ይሁንና ኬኔዲ ራሳቸው በሴፕቴምበር 1963 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ቆመው ከሶቪየት ጋር በጋራ ወደ ጨረቃ እንሂድ የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ ዋጋውን አይተውታልና። በ1975 የሁለቱ ባላንጣዎች መንኮራኩሮች ከምድር በላይ ተገናኝተው ጠፈርተኞቻቸው ተጨባብጠዋል። ዛሬ የአሜሪካ ሕግ ናሳ ያለ ልዩ ፈቃድ ከቻይና ጋር በቀጥታ እንዳይሠራ ከ2011 ጀምሮ ቢከለክልም፣ ቻይና ካመጣችው አፈር በ2025 ለሁለት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለምርመራ ለመስጠት ፈቅዳለች። ትንሽ ቀዳዳ ናት፤ ቀዳዳ መሆኗ ግን አይካድም። ሽርክናው ምን እንደሚያስገኝ ደግሞ ካናዳን ማየት ይበቃል፤ በ2023 ለአርቴሚስ 2 ጉዞ ከተመረጡት አራት ጠፈርተኞች አንዱ ካናዳዊው ጀረሚ ሃንሰን ነው። ካናዳ የራሷ የጨረቃ ሮኬት የላትም፤ ያዋጣችው የሮቦት ክንድ ነው።

የግል ኩባንያዎችስ? ዋጋ እየቀነሱ ነው፤ ይመስገኑ። ነገር ግን በ2024 እና በ2025 ወደ ደቡቡ ክፍል የተላኩት ሁለት የአሜሪካ የግል መንኮራኩሮች አርፈው በጎናቸው ተጋደሙ፤ የጃፓኑ ኩባንያ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለቴም ተከሰከሰ። የእነዚህም ሥራ ዋና ደንበኛ አሁንም መንግሥት ነው። ሄሊየም-3 የተባለውን ጋዝ ከጨረቃ ቆፍረን እንከብራለን የሚለው ተስፋ ደግሞ በሄሊየም-3 የሚሠራ አንድም የኃይል ማመንጫ በሌለበት ዓለም የሚነገር ነው። የማዕድን ጉዳይ የሚያሳስበኝ በትርፉ ሳይሆን በሕጉ በኩል ነው። የ1967ቱ የጠፈር ስምምነት ማንም አገር ጨረቃን የግዛቱ አካል ማድረግ እንደማይችል ይደነግጋል፤ ከጨረቃ የተቆፈረ ውሃ የማን እንደሚሆን ግን በግልጽ አይናገርም። አሜሪካ በ2015፣ ሉክሰምበርግ በ2017 ቆፋሪው የቆፈረው የራሱ ይሁን የሚል ሕግ አወጡ። ጥሩ ብርሃንና በረዶ በአንድነት የሚገኙባቸው የዋልታ ጠርዞች ጥቂት ናቸው። ሁለት ጎራዎችም ተፈጥረዋል፤ በአሜሪካ በኩል ባለው የአርቴሚስ ስምምነት ውስጥ ሩዋንዳና ናይጄሪያ ከ2022 ጀምሮ አሉ፤ በቻይናና በሩሲያ በኩል በተወጠነው የጨረቃ ጣቢያ ውስጥ ደግሞ ደቡብ አፍሪካና ግብፅ ገብተዋል። ሁለቱ ጎራዎች አንድ ጠርዝ ላይ ሲገናኙ የሚዳኛቸው ሕግ ከመገናኘታቸው በፊት መጻፍ አለበት። የአንታርክቲካው የተጻፈው የደቡብ ዋልታው ጣቢያ ሥራ በተጀመረ በሦስት ዓመቱ ነበር፤ የዘገየ ቢሆን ኖሮ ማንም አይፈርመውም ነበር።

ታዳሚዎቼ፣ ይህ ሕግ የሚመከርበት ቦታ አለ። በቪየና የሚሰበሰበው የተባበሩት መንግሥታት የጠፈር ኮሚቴ የጠፈር ሀብት አጠቃቀምን የሚመለከት የሥራ ቡድን አቋቁሟል። ኢትዮጵያ የኮሚቴው አባል ናት። ኮሚቴው የሚወስነው ደግሞ በስምምነት እንጂ በድምፅ ብልጫ አይደለም፤ ሮኬት ያለውም የሌለውም አገር አንድ ወንበር አለው። ስለዚህ በዚህ አዳራሽ ላላችሁ የሕግ ተማሪዎችና መምህራን፣ ለውጭ ጉዳይ ባለሙያዎችም ልመናዬ ይህ ነው፦ የ1967ቱን ስምምነት አንብቡት፣ በቪየና የሚቀርቡትን ረቂቆች ተከታተሉ፣ አቋም ጻፉ፣ የአገራችን ወንበር በተዘጋጀ ሰው እንዲያዝ ጠይቁ። ረቂቁ አሁን ጠረጴዛ ላይ ነው።